ባዶ ክብደት

ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን፤ ስለዚህ ሳልቸኩል ላውጋችሁ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነው። ትንሽ ስላችሁ እውነትም ትንሽ ናት፤ ከነአብራሪው አራት ሰው የምትይዝ፣ አንድ ሞተር ያላት፣ ክንፏ ከጣሪያዋ በላይ የተዘረጋ፣ ሴስና 172 የምትባል። የዚህ ዓይነቷ አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከ44,000 በላይ ተሠርተዋል፤ በዓለም ላይ የእሷን ያህል በብዛት የተመረተ አውሮፕላን የለም። የኛዋ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት ዓመት፤ እናም ዕድሜዋን ለማስላት የኛ ትውልድ ሰው እርሳስና ወረቀት አይፈልግም።

ባለቤቷ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ነርስ ናት። አባቷ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ፣ እናቷ የሰው ልጅ እያሳደጉ ያስተማሯት ልጅ ናት። ሌሊት ሆስፒታል እያደረች ቀን እየተማረች የአብራሪነት ፈቃዷን አወጣች፤ ከዚያም ገንዘቧን ስታጠራቅም ቆየችና በፔንሲልቬንያ ገጠር አንድ ሽማግሌ አርፈው ወራሾቻቸው የሚሸጧት አውሮፕላን አለች ሲሏት ሄዳ አየቻት። ለዓመታት የቆመች ናት፤ አቧራ ለብሳለች፣ ጎማዋ ተንፍሷል፣ ዝገት ግን አልበላትም። እናም ገዛቻት። እናትየው የሰሙ ዕለት «ቤት ግዢ ስንልሽ?» ብለው ተቆጡ፤ አባትየው ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ፎቶዋን ለታክሲ ጓደኞቻቸው ሁሉ በስልካቸው ላኩ።

ዓመታዊ ምርመራዋ ያለፈባት አውሮፕላን እንዲሁ ተነስታ አትበርም። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ልዩ ፈቃድ ተጠየቀ፣ አንድ ሜካኒክ አይቶ ፈረመ፣ ልምድ ያለው አብራሪ ብቻውን ሆኖ ጥርት ባለ ቀን አበረራትና ፍሬድሪክ አመጣት። ፍሬድሪክ ከዋሽንግተን በስተሰሜን ምዕራብ ያለች የድሮ ከተማ ናት፤ የአሜሪካ የግል አውሮፕላን ባለቤቶችና አብራሪዎች ማኅበር ዋና ጽሕፈት ቤትም እዚያው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ነው። እዚያ ሃንጋር ውስጥ አንድ የአገራችን ሰው ይጠብቋት ነበር።

ስለ እሳቸው ትንሽ ልበላችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ስማቸው ሲጠራ አይወዱም። ሙያውን የተማሩት ቦሌ፣ በአየር መንገዳችን ትምህርት ቤት ነው፤ የዲሲ-3 ሞተር ፈትተው የገጠሙ እጆች ናቸው። አሜሪካ ሲመጡ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ቆርጠዋል፤ ከዚያ ፈተናውን ተፈተኑ፣ የሜካኒክነት ፈቃዱን አገኙ፣ ቆይተውም ዓመታዊ ምርመራ አድርጎ የመፈረም ሥልጣን ያዙ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል ይባላል፤ እኔ ግን ሃንጋሩን እንጂ ጡረታውን አይቼ አላውቅም። ልጅቷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም «ልጄ»።

የመጀመሪያው ሥራቸው አውሮፕላኗን መንካት አልነበረም፤ ወረቀቷን ማንበብ ነበር። ሽማግሌው የተዉት አንድ ማህደር አለ፤ ሲከፍቱት የትምባሆ ሽታ ይወጣል። የመጀመሪያው ገጽ የፋብሪካው ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሬዲዮ ወጣ ሌላ ገባ የሚል፣ ከዚያ የወንበሩ ልብስ ተቀየረ የሚል፣ ከዚያ ሬዲዮው እንደገና ተቀየረ የሚል ይከተላል፤ እያንዳንዱ ሜካኒክ ቀዳሚው የጻፈውን ክብደት ተቀብሎ፣ ደምሮና ቀንሶ፣ ፈርሞ ለሚቀጥለው አስተላልፏል። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና «ልጄ፣ ይቺ አውሮፕላን ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም» አሏት።

«ሕጉ ያስገድዳል እንዴ ጋሼ?»

«አያስገድድም። ለንግድ የሚበሩት ትላልቆቹ በየጊዜው ይመዘናሉ። የግል ትንሽ አውሮፕላን ግን ወረቀቱ ከተያዘ ዕድሜ ልኩን በድምርና በቅናሽ መኖር ይችላል።»

«ታዲያ ይቅር?»

እሳቸው መልስ አልሰጡም። ከማህደሩ መሐል አንዱን ገጽ አውጥተው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ቀለም ተቀባ ይላል፤ በክብደቱ ቦታ ላይ «ከቁጥር የማይገባ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥለው ሌላ ገጽ አወጡ፤ ምንጣፍ ገባ፣ «ከቁጥር የማይገባ»። ከዚያ ሌላ። ልጅቷ ሦስተኛውን አንብባ ሳትጨርስ «መቼ እንመዝናት?» አለች።

እንግዲህ እኔ የገባሁበት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ያስፈልጋል ተባለና ጋሼ ደወሉልኝ፤ ሥራ ፈት ሽማግሌ መሆኔን ያውቃሉ። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዛፉ ገና አላቆጠቆጠም፣ ብርዱ ግን ጉልበቱን ጨርሷል። ገና ሳይነጋ ልጅቷና ታናሽ ወንድሟ በመኪና መጥተው ወሰዱኝ፣ እናም በ270 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ተጓዝን። ጎህ ሲቀድ ሹገርሎፍ የሚባለው ተራራ በስተግራችን ብቻውን ቆሞ ታየ፤ ከዚያ እርሻው መጣ፣ የእህል ጎተራዎቹ መጡ፣ ከፊት ለፊት የካቶክቲን ኮረብቶች ሰማያዊ ሆነው ተሰለፉ። ነፋስ ነበር። መኪናዋን ገፋ እያደረገ ይለቃታል። ወንድምየው «ዛሬ ነፋስ አለ፤ ይቀርብን ይሆን?» አለ። እህቱ መሪውን እንደያዘች «በሩ ይዘጋል» አለችው።

በሩ መዘጋቱ ለብርድ አልነበረም። አውሮፕላን የሚመዘነው በተዘጋ ቤት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ክንፍ መሬት ላይ መቆሙን አያውቅም፤ ነፋስ በላዩ ካለፈ ማንሳት ይጀምራል፤ ትንሿ ነፋስ እንኳ ከሚዛኑ ላይ ኪሎ ትሰርቃለች። ስለዚህ ጋሼ ትልቁን በር እያንገጫገጩ ዘጉት፣ ከሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ወተፉ፣ ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ሥራ ጀመሩ።

በፊት የተሠራውንም ልንገራችሁ። ከዚያ ዕለት አስቀድሞ እሳቸውና ልጅቷ የአውሮፕላኗን ሆድ ዕቃ ከፍተው አጽድተዋል። ከመሣሪያ ሰሌዳው በስተኋላ የሞቱ ሽቦዎች አገኙ፤ ሬዲዮ ሲወጣ ሽቦውን ማውጣት አድካሚ ነውና ማንም አላወጣውም፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ እየተደረበ አንድ ክንድ ሙሉ ሆኗል። ጭራዋ ውስጥ ደግሞ የአይጥ ጎጆ ነበር። የአይጥ ጎጆ ቀልድ አይደለም፤ ሽንቷ አሉሚኒየም ይበላል። ያንን ሁሉ አወጡ፣ ጠረጉ፣ ታጠበች፣ ደረቀች። አውሮፕላን ታጥቦ ነው የሚመዘነው፤ ጭቃም ክብደት ነው።

በዕለቱ ደግሞ በሩ ከመዘጋቱ በፊት፣ አውሮፕላኗ ደጅ ሳለች፣ ነዳጁ ተቀዳ። የእነዚህ አውሮፕላኖች ቤንዚን ሰማያዊ ነው፤ ሆን ተብሎ ነው ቀለም የሚገባበት፣ አንዱ ዓይነት ከሌላው እንዳይምታታ። ጋሼ አውሮፕላኗን በሽቦ ከመሬት ጋር አገናኙ፣ ስልኮቻችንን ሰብስበው ራቅ አድርገው አስቀመጡ፣ ብልጭታ የሚባል ነገር እንዳይኖር፤ ቤንዚኑም ቀስ እያለ በጀሪካን ወረደ። ሁሉም ሲወጣ ግን ከተቀዳው ላይ 4 ጋሎን ለክተው መልሰው ጨመሩ። ወንድምየው ግራ ገባው። «ከ42ቱ ጋሎን ሞተሩ ሊጠጣ የሚችለው 38ቱን ነው፤ ይቺ 4 ጋሎን ጋኑ ሥር የምትቀር ናት፤ አትጠቅምም፣ ግን ሁልጊዜ አብራ ትበራለች፤ ስለዚህ ከባዶ ክብደቷ ጋር ትቆጠራለች» አሉት። የሞተሩም ዘይት እስከ ልኩ ተሞልቶ ነው የተመዘነችው፤ ያም በወረቀት ተጻፈ። ወንበሮቹ በየቦታቸው ተደረጉ፣ የቦርሳው ክፍል ባዶውን ቀረ፣ አንድ ካቻቢቴ ወለሉ ላይ ተረስቶ ተገኘና ወጣ።

ሚዛኖቹ ሦስት ናቸው፤ ጠፍጣፋ፣ ከምጣድ የማይበልጡ፤ ለእያንዳንዱ ጎማ አንዳንድ። ጋሼ የተከራዩዋቸው ናቸው፤ ከነማረጋገጫ ወረቀታቸው፣ መቼ እንደተፈተሹ ተጽፎ። ከፊታቸው ትንንሽ መወጣጫ አለ። እንግዲህ አራታችንም ከክንፉ ድጋፍ ሥር ገባንና «አንድ፣ ሁለት» ብለን ገፋናት፣ እናም እያቃሰተች ወጣች። ጋሼ ቶሎ ፍሬኑን አስለቀቁ፤ ፍሬን የያዘ ጎማ ሚዛኑን ወደ ጎን ስለሚገፋው ቁጥሩ ይዋሻል። በፍሬኑ ፈንታ እንዳትንሸራተት እንጨት ሸጎጡ፤ የእንጨቱም ክብደት ቀድሞ ተመዝግቦ ስለነበር ከማሳያው ላይ ተቀነሰ።

አሁን ማስተካከል ነው። አውሮፕላን ቆማ ስትታይ አፍንጫዋ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ያዘነብላል፤ የምትመዘነው ግን በአየር ላይ ቀጥ ብላ ስትሄድ በምትሆንበት አኳኋን ነው። በጭራዋ ግራ ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ፋብሪካው ለዚሁ ብሎ ያደረጋቸው። ጋሼ እነዚያ ላይ ውሃ ልክ አስደገፉና ልጅቷን ወደ ፊት ጎማ ላኳት። እሷ ተንበርክካ ከጎማው ትንሽ ትንሽ አየር ታስወጣለች፣ እሳቸው ውሃ ልኩ ላይ ዓይናቸውን ተክለው «ትንሽ… ትንሽ… ያዢ!» ይላሉ። የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ቆመች።

ከዚያ ቱንቢ አወጡ። የግንበኛ ቱንቢ ነው፤ አባታቸው ግንበኛ ነበሩ። ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል ከሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ ክሩን አንጠለጠሉ፤ ልኬቱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ግድግዳ ነው። የኔ ሥራ ቱንቢው እስኪረጋ ጠብቆ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነበር፤ ከዚያም ከየጎማው መሐል እንዲሁ። ቱንቢ ሲወዛወዝ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ቤት ያስገነባ ሰው ያውቀዋል፤ ማንም ሊያቻኩለው አይችልም። ከምልክት እስከ ምልክት በሜትር ተለካ፤ ዋናዎቹ ጎማዎች ከግድግዳው 58 ኢንች ወደ ኋላ፣ የፊቱ ጎማ 7 ኢንች ወደ ፊት።

ጋሼ የሚዛኑን ማሳያ ሳያዩ ቀድመው «የወረቀቱ ስንት ይላል?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ አነበበች፤ 1,421 ፓውንድ። ከዚያ ማሳያውን ወደኛ አዞሩት። ግራው 512፣ ቀኙ 516፣ የፊቱ 430። ወንድምየው በአእምሮው ደመረና ቀደመን፤ 1,458። ዝም አልን። የሞቱት ሽቦዎች ከወጡ በኋላም፣ አይጧ ከነጎጆዋ ከተሰናበተች በኋላም፣ አውሮፕላኗ ከወረቀቷ 37 ፓውንድ ትከብዳለች፤ ወደ 17 ኪሎ መሆኑ ነው። ጋሼ አልተገረሙም፣ አላመኑምም። ከሚዛኑ አስወረዷት፣ ሚዛኖቹን ወደ ዜሮ መለሱ፣ እንደገና ገፍተን አወጣናት፣ እንደገና ውሃ ልኩ፣ እንደገና ቱንቢው። ያው ቁጥር መጣ። ያኔ ብቻ ጻፉት።

17 ኪሎው ከየት መጣ ትሉኛላችሁ። አሮጌው ቀለም ሳይፋቅ በላዩ አዲስ የተቀባ ጊዜ መጣ፤ ድምፅ እንዲያፍን ግድግዳው ውስጥ ስፖንጅ የተለጠፈ ጊዜ መጣ፤ ምንጣፉ ወፍራም የተደረገ ጊዜ መጣ፤ አንዱ ሜካኒክ ደክሞት ቁጥር የዘለለ ጊዜ መጣ። አንድም ትልቅ ነገር የለበትም። ይህ የድሮ አውሮፕላኖች ሁሉ ጠባይ ነው፤ ሚዛን ላይ ወጥታ ቀልላ የተገኘች እምብዛም አትሰማም። ሰውም ከአርባ በኋላ እንዲሁ ነው፤ እኔ አላፈርኩበትም።

ክብደቱ ግን ከነገሩ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ክብደቱ የት ላይ እንደተቀመጠ ነው። አህያ የጫነ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭነቱ ወደ ኋላ ከሸሸ፣ ያው ኩንታል ቢሆንም፣ አቀበቱ ላይ አህያዋ በኋላ እግሯ ትቀመጣለች። አውሮፕላንም ጭራዋ ከከበደ አፍንጫዋ ይነሳል፣ ፍጥነቷ ይወድቃል፣ ክንፏ መያዝ ያቅተዋል፣ እንድትመለስ ስትለምናት እንቢ ትላለች። አፍንጫዋ ሲከብድ ደግሞ ስታርፍ ቀና ማለት ያቅታታል። ስለዚህ ጋሼ የእያንዳንዱን ጎማ ክብደት ከግድግዳው ባለው ርቀት አባዙ፤ የፊቱን፣ ከግድግዳው ፊት ስላለ፣ ቀነሱ፤ 56,614 መጣ፤ ለ1,458 አካፈሉ። የባዶዋ አውሮፕላን የክብደት ማዕከል ከግድግዳው 38.8 ኢንች ወደ ኋላ ሆነ። ፋብሪካው ለዚህ ማዕከል የፈቀደው ሜዳ እጅግ ጠባብ ነው፤ ጭነቱ ቀላል ሲሆን ከ35 እስከ 47.3 ኢንች፣ ስንዝር ተኩል ገደማ፤ ከነጭነቷ እስከ መጨረሻው ልክ 2,300 ፓውንድ ስትመዝን ደግሞ ከ38.5 እስከ 47.3። ይህ የአንድ ሰው አንድ ስንዝር ነው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር የሆነች አውሮፕላን፣ አራት ሰው ይዛ፣ ሕይወቷ በአንድ ስንዝር ውስጥ ነው።

ሻይ ስንጠጣ ጋሼ የሻርለቱን አነሱ። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2003 በሰሜን ካሮላይና፣ በሻርለት ከተማ፣ አንዲት ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ የመንገደኛ አውሮፕላን ተነስታ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቀጥ አለና ወደቀች፤ በውስጧ የነበሩት 21 ሰዎች ሁሉ አለቁ። የጭራው መቆጣጠሪያ ገመድ በጥገና ላይ በተሳሳተ ልክ ተወጥሮ ነበር፤ በዚያ ላይ ጭነቱ ከልክ ያለፈ ወደ ኋላ የከበደ ነበር። የወረቀቱ ስሌት ግን ልክ ነው ይል ነበር፤ ምክንያቱም መንገደኛው በአማካይ ይህን ያህል ይመዝናል ተብሎ ከተያዘው ቁጥር ሰዉ ከብዶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነው ባለሥልጣኑ ትናንሽ አየር መንገዶችን መንገደኞቻችሁን በእውነተኛ ሚዛን መዝኑ ያላቸው፤ አማካዩም ከፍ ተደረገ። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ብርጭቋቸውን ብቻ አስቀመጡ።

ወንድምየው «በኪሎ ለምን አንጽፈውም? ፓውንድ ማን ይገባዋል?» አለ። ያኔ የካናዳውን ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ቦይንግ 767 ነዳጁ በኪሎ መሰላት ሲገባው በፓውንድ ተሰልቶ፣ ግማሹን ያህል ብቻ ይዞ ተነሳና በመንገድ ላይ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ አብራሪዎቹ ጊምሊ በሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ ያለ ሞተር አንሳፍፈው አሳረፉት፤ አንድም ሰው አልሞተም። «ስለዚህ መሣሪያው በሚናገርበት ቋንቋ ጻፍ» አሉት።

ከዚያ ወሬው ወደ አገር ቤት ሄደ፤ ሁልጊዜም ይሄዳል። ጆን ሮቢንሰን ተነሱ። በሚሲሲፒ ያደጉ፣ በተስኬጊ የመኪና ጥገና የተማሩ፣ በቺካጎ የአውሮፕላን ትምህርት ቤቱ ጥቁር አናስገባም ቢላቸው በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ከክፍሉ ጥግ ሆነው ትምህርቱን ያዳመጡ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጥቂቶቹን አውሮፕላኖቻችንን ይዘው ከኢጣሊያ ወረራ ጋር ተፋጠጡ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሰው ወጣቶቻችንን አሠለጠኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ቆስለው አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ጋሼ ስለ ሮቢንሰን የሚወዱት ነገር አንድ ነው። «ከአብራሪነታቸው በፊት ሜካኒክ ነበሩ» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

የቀረውን በአጭሩ ላሳልፈው፤ የዓመታዊ ምርመራ ዝርዝር ለሚሠራው እንጂ ለሚሰማው አይጥምም። ካንዴላዎቹ ወጥተው ጸዱ፣ አራቱ ሲሊንደሮች በአየር ግፊት ተፈተኑ፣ የዘይት ማጣሪያው ተቆርጦ የብረት ብናኝ አለው ወይ ተብሎ ታየ፤ አልነበረውም። የመቆጣጠሪያ ገመዶቹ ውጥረት ተለካ፤ ጋሼ እዚያ ላይ ብዙ ቆዩ፣ የሻርለቱን ያወራ ሰው እዚያ ላይ ይቆያል። የአብራሪው ወንበር ሐዲድም ተመረመረ፤ በእነዚህ አውሮፕላኖች የሐዲዱ ቀዳዳ ካለቀ ስትነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ አብራሪውም መሪውን ይዞ አብሮ ይጎትተዋል፤ ሰው የሞተበት ነገር ነው፣ ምርመራውም ግዴታ ነው። ማንነቷንና ያለችበትን ለራዳር የሚናገረው መሣሪያ ተፈትሾ ተፈረመ። ልጅቷም በበኩሏ የዋሽንግተንን ሰማይ ሕግ እንደገና አነበበች፤ ከተማዋን ዙሪያዋን 30 ማይል የከበበ ልዩ ክልል አለ፣ ሳትጠይቅ ከገባህ የጦር አውሮፕላን ነው የሚቀበልህ፤ ከፍሬድሪክ በስተሰሜን ደግሞ ካምፕ ዴቪድ አለ፣ የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ፣ እዚያም ላይ አይበረርም። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚበር ሰው ካርታውን እንደ ዳዊት ይደግማል።

መጀመሪያ የበረረችው ብቻዋን ነው። ጋሼ ከሃንጋሩ ደጃፍ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አውሮፕላኗ ከመሬት እስክትለቅ አዩና ወደ ውስጥ ገብተው መሣሪያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ሜዳውን ዞራ፣ ደጋግማ አርፋና ተነስታ ስትመለስ «እንዴት ናት?» አሏት። «ከብዳለች ካላችሁኝ በኋላ ከብዳ ታየችኝ» አለች። ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው።

የቤተሰቡ ቀን ደግሞ ሚያዝያ ላይ መጣ። አባትየው ክራባት አስረው፣ እናትየው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ወንድምየው በእንቅልፍ ዓይኑ። ልጅቷ ከቤት የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ይዛ መጥታ የሃንጋሩ በር ላይ አስቀምጣለች። እናትየው አይተው «ልጄ፣ እናትሽን በሚዛን?» አሉ። «እማዬ፣ አውሮፕላኗም ተመዝናለች» አለቻቸው። አባትየው ኮታቸውን ሊያወልቁ ሲሉ «ከነኮትዎ አባዬ፣ ከነኮትዎ ነው የሚበሩት» ብላ ከለከለቻቸው። 81 ኪሎ። እናትየው 74፣ ወንድምየው 88፣ እሷ 58። ከዚያ ዓይኗ እናቷ ከጎናቸው ወዳስቀመጡት ቦርሳ ሄደ።

ያን ቦርሳ ታውቁታላችሁ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የምንሰለፍ ሁላችን እናውቀዋለን፤ 23 ኪሎ ሲባል 26 የሆነ፣ ወለሉ ላይ ተከፍቶ በርበሬው ወደ ዘመድ ሻንጣ የሚሻገርበት። እናትየው «ምሳ ብቻ ነው» አሉ። ሚዛን ላይ ሲወጣ 9 ኪሎ ሆነ። ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ፔርሙዝ ቡና፣ ሲኒ፣ ረከቦት ብቻ ቀረው። የአንድ ሰዓት ሽርሽር ነው እንግዲህ።

ልጅቷ አልተቆጣችም። የክንፉ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ጻፈች፤ ሰዎቹ 664 ፓውንድ፣ ቦርሳው 20። አውሮፕላኗ ከነጭነቷ እንድትመዝን ከተፈቀደው 2,300 ላይ አዲሱን ባዶ ክብደት ስትቀንስ 842 ይቀራል፤ ከዚያ ላይ ሰዎቹንና ቦርሳውን ስታነሳ ለነዳጅ 158 ፓውንድ። አንድ ጋሎን 6 ፓውንድ ነው፤ ስለዚህ 26 ጋሎን። በአሮጌው ወረቀት ቢሆን 32 ይሆን ነበር፤ እናም በሕጉ ውስጥ ነኝ ብላ ከሕጉ ውጪ ትበር ነበር። 26 ጋሎን ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ ሃርፐርስ ፌሪ ደርሶ ለመመለስ ከበቂ በላይ ነው። ከባዱን ወንድሟን ከፊት አስቀመጠች፣ ወላጆቿን ከኋላ፣ ቦርሳውን ከወላጆቿ ጀርባ በመረብ አሰረችው፣ ከዚያ ማዕከሉን አሰላች፤ 44.8 ኢንች፤ ከስንዝሩ ውስጥ። ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠቻቸው። እሳቸው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከትለው ጨረሱና፣ ምንም ሳይሉ መለሱላት።

እናም ሄዱ። የሸናንዶዋ ወንዝ ከፖቶማክ ጋር የሚገናኝበትን ከላይ አዩት፤ አባትየው አርባ ዓመት የኖሩበትን አገር ከታክሲ መስኮት ሌላ አይተውት አያውቁም ነበር፤ እናትየው ወደ ታች አላዩም፣ ወደ ልጃቸው አንገት ነው ያዩት፣ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ቡናው ግን ተጠጥቷል፤ ከመነሳታቸው በፊት ሳይሆን ካረፉ በኋላ፣ ሃንጋሩ ውስጥ፣ ለጋሼም ለኔም ደርሶናል።

አሁን ተራው የኔ ነው ተብያለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ነፋስ ከሌለ። ልጅቷ ትናንት ደውላ በትሕትና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስንት ኪሎ ነዎት?» አለችኝ። ነገርኳት። እናንተም አንድ ቀን በትንሽ አውሮፕላን እንውሰዳችሁ የሚል ወዳጅ ወይም ዘመድ ቢገጥማችሁና ክብደታችሁን ቢጠይቃችሁ፣ የዛሬውን ንገሩት፤ ለሠርጋችሁ የነበረውን አይደለም። ከነጫማችሁና ከነካፖርታችሁ ይሁን፤ በቦርሳችሁ የያዛችሁትንም ሳይጠይቃችሁ አውጥታችሁ አሳዩት።